የጣት ንባብ

በዚህ ክረምት ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ባለበት በአንደኛው ከሰዓት በኋላ፣ ለብዙ ዘመን ተዘግቶ የኖረውን የእንጨት ሣጥን ከፍቼ ውስጡን ላናፍስ ብነሣ፣ ከወፍራም የብሬል ወረቀት፣ ከዛገ ብረትና ከእጅ ወዝ የተዋሐደ አንድ ሽታ ፊቴን ሞላው። ይህ ሽታ ከሌላ መጽሐፍ ሽታ ጋር ከቶ አይምታታም፤ ቀለም ያልነካው፣ የሕፃናት ጣት ግን ዓመት ከዓመት የዳበሰው ወረቀት የራሱ የሆነ ጠረን አለውና። ከወረቀቱም ሥር መስኮቶቹ በአቧራ የተደፈኑ ስሌት የተባለ የብረት የብሬል መጻፊያ ገበታና፣ የእንጨት እጀታው በመዳፍ ብዛት የለሰለሰ ስታይለስ የተባለ የነጥብ መውጊያ አገኘሁ። ለማያውቃቸው ሰው ሁለቱም ለቁራሌው የሚሰጡ ዕቃዎች ናቸው፤ ለእኔ ግን ወጣትነቴን፣ መምህሬን፣ ደቀ መዛሙርቴንና ኋላም በከፍተኛ ትምህርት ያሳለፍሁትን ዘመን በአንድነት የያዙ ማኅደረ ተዝካር ናቸው።

ያን ጊዜ ከመምህራን ማሠልጠኛ ገና የወጣሁ ጎረምሳ ነበርሁ። የተመደብሁበት የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ በባሕር ዛፍ ተከቦ ይገኝ ስለ ነበር፣ እንግዳን አስቀድሞ የሚቀበለው የቅጠሉ ሽታ፣ ቀጥሎም ከማዕድ ቤቱ የሚመጣው የምስር ወጥ መዓዛ፣ ከሁሉ በኋላ ደግሞ ከመማሪያ ክፍሎቹ የሚሰማው የስታይለስ ድምፅ ነበር። አንድ ክፍል ሙሉ ልጆች በአንድነት ወረቀት ሲወጉ የሚሰማው ጠቅጠቅታ በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ሳያቋርጥ ይወርዳል፤ መምህሩ ቃል ማስጻፉን አቁሞ ዝም ሲል ካፊያው ለጥቂት ጊዜ ይቀጥልና፣ የመጨረሻው ልጅ የመጨረሻውን ነጥብ ሲወጋ ያባራል። ማታ የመኝታ ቤቱ መብራት ከጠፋና ተቆጣጣሪው በሩን ገርበብ አድርጎ ከሄደ በኋላ ሌላ ድምፅ ይጀመራል፤ ይኸውም ከብርድ ልብስ ሥር ጣት በወረቀት ላይ ሲንሸራተት የሚሰማው ቀጭን ድምፅ ነው። ልጆቹ መጽሐፋቸውን ደረታቸው ላይ ዘርግተው በጨለማ ያነብባሉ። እኔም ዓይናማው በዚያ ደጃፍ ቆሜ ሳዳምጥ፣ በዚያ ሰዓት ማንበብ የተሳነው ሰው እኔ ብቻ መሆኔን አስተዋልሁ።

ብሬልን ያስተማሩኝ፣ በልጅነታቸው በፈንጣጣ ዓይናቸውን ያጡና በዚያው ትምህርት ቤት በማስተማር ያረጁ አንድ መምህር ነበሩ፤ ልጆቹ ሁሉ «የኔታ» ይሏቸው ነበርና እኔም የኔታ አልኋቸው። ስሌቱን ወረቀት አስነክሰው በእጄ ካስጨበጡኝ በኋላ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እንድጽፍ፣ ገልብጬም ከግራ ወደ ቀኝ እንዳነብ ነገሩኝ። እውነትም ስታይለሱ ወረቀቱን ከጀርባው ስለሚወጋ ፊደሉ የሚነሣው በሌላው ገጽ ነውና፣ ጸሐፊው እያንዳንዱን ምልክት አስቀድሞ በልቡናው ገልብጦ መሣል ይኖርበታል። ዓይኔ ከጣቴ እየቀደመ ነጠብጣቡን ሲቆጥር ያወቁብኝ ከትንፋሼ ይሁን ከዝምታዬ እንጃ፣ ነጠላቸውን አንሥተው ዓይኔን ሸፈኑና፣ «ልጄ፣ ዓይን ከሩቅ ያምናል፤ ጣት ግን ሳይደርስበት አያምንም» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ፣ ብዙ ሊቃውንትም ሰምቻለሁ፤ የዚህን ሙያ ምሥጢር እንዲህ ባጠረ ቃል የጠቀለለልኝ ግን አላገኘሁም።

የዚህ ጽሕፈት ታሪክ ራሱ ትምህርት የሞላበት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1809 የተወለደው ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል፣ ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ በአባቱ የቆዳ ሥራ ቤት ሲጫወት ወስፌ በመሰለ ስለታም መሣሪያ ዓይኑን ወጋ፤ ሕመሙም ወደ ሁለተኛው ዓይኑ ተላልፎ ፈጽሞ ታወረ። ይህ ልጅ ዐሥራ አምስት ዓመት በሆነው ጊዜ፣ ስድስት ነጥቦችን በልዩ ልዩ ስልት በማሰባጠር 63 ምልክቶች የሚወጡበትን ጽሕፈት አበጀ፤ በ1829ም አሳትሞ ለዓለም ሰጠ። ነጥቡ የሚወጋበት ስታይለስ የወስፌ አምሳል ነውና፣ ከወስፌ ወገን የሆነ ብረት የነሣውን ብርሃን ከወስፌ ወገን በሆነ ብረት መለሰው ማለት ይቻላል። ይህ ጽሕፈት ወደ አገራችን ሲገባ በግዕዝ ፊደላችን ፊት አንድ ችግር ገጠመው፤ ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ሲባዙ ለ63 ምልክት የማይቻሉ ሆኑ። ስለዚህ ተነባቢውና አናባቢው ተለያይተው ይጻፋሉ፤ ሳድሱ ብቻውን ሲቆም ሌሎቹ አናባቢያቸውን በቀጣዩ ሕዋስ፣ ማለት በቀጣዩ የስድስት ነጥብ ስፍራ፣ ያስከትላሉ። በዓይን ሦስት ፊደል የሆነችው «ሰላም» በጣት አምስት ሕዋስ የምትሆነው፣ በእጅ የሚያዝ አንድ መጽሐፍም ወደ ብሬል ሲገለበጥ መደርደሪያ የሚሞላው በዚህ ምክንያት ነው። የኔታ የሕዋሳቱን ጠባይ ያወቁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዘመናት ልምድ ነበር፤ የትኛው ሕፃን ሁለቱን ሕዋሳት እንደሚያምታታ ከንባቡ ዜማ ለይተው ያውቁ ነበር።

የኔታ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ከመግባታቸው በፊት የቆሎ ተማሪ ነበሩ። በአብነት ትምህርት ቤት ፀሐይ ሳለች ፊደል የሚቆጠርበት፣ ዳዊት የሚደገምበት የዓይን ትምህርት ይሰጣል፤ ከመሸ በኋላ ግን መብራት በሌለበት ጎጆ ተማሪው በመምህሩ ዙሪያ ተቀምጦ ጸሎቱንና ዜማውን በቃል ያጠናል። በዚያ ሰዓት ዓይናማውና ዓይነ ስውሩ በአንድ ጨለማ ተቀምጠው አንድ ቃል በጆሮ ይቀበላሉና በመካከላቸው ልዩነት የለም። ከዚህ ሥርዐት ዓይነ ስውራን የዜማና የቅኔ መምህራን ወጥተዋል። ከእኛም አስቀድሞ፣ በአራተኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያን ትምህርት ቤት የመራው ዲዲሞስ በሕፃንነቱ ታውሮ ሳለ፣ በእንጨት ላይ የተቀረጹ ፊደላትን በጣቱ እየዳሰሰ ንባብን እንደ ተማረ የጥንት ጸሐፊዎች መስክረዋል። ይሁን እንጂ በዚያው በቅጽረ ቤተ ክርስቲያን አንዱ ዓይነ ስውር በቅኔ ማኅሌቱ መቋሚያ ይዞ ሲያሸበሽብ ሌላው በደጀ ሰላሙ ተቀምጦ ምጽዋት ይለምን ነበር፤ ብዙዎችም ከእናታቸው ጓዳ ሳይወጡ ዕድሜያቸውን ፈጽመዋል። በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት የተሰጥዎ ልዩነት አልነበረም። አንደኛው በጊዜው መምህር አግኝቶአል፤ ሁለተኛው አላገኘም።

በልዩ ፍላጎት ትምህርት ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሄድሁት ጠጉሬ ሽበት መቀላቀል ከጀመረ በኋላ ነበር። ቀድሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው በስድስት ኪሎው ግቢ ውስጥ ከልጆቼ እኩያ ተማሪዎች ጋር ደብተር ይዤ ስመላለስ፣ መጀመሪያ ልቤን የሳበው በኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ዙሪያና በዛፎቹ ጥላ ሥር የማየው ነገር ነበር። አንዱ ተማሪ መጽሐፍ ዘርግቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብባል፤ አጠገቡ የተቀመጠው ዓይነ ስውር ጓደኛው ስሌቱን በጉልበቱ ላይ አድርጎ ይወጋል፤ ያ የጥንት ካፊያ እዚህም ይሰማል። የሕግ ተማሪው ለታሪክ ተማሪው፣ የታሪክ ተማሪው ለቋንቋ ተማሪው ያለ ደመወዝና ያለ ውል ያነብብ ነበር። በዚህ መንገድ በሰው ድምፅና በጓደኛ ትዕግሥት ተምረው የተመረቁ ጠበቆች፣ ዳኞችና መምህራን ዛሬ በየክፍለ ሀገሩ አሉ።

ትምህርቱ የተጀመረው ለእኔ እንግዳ በሆኑ ቃላት ነበር፤ ምዘና፣ የተናጠል የትምህርት ዕቅድ፣ አካቶ ትምህርት፣ የድጋፍ መስጫ ክፍል፣ ተዘዋዋሪ መምህር። ቃላቱ እንግዳ ሆነው ሳለ ነገሩን ግን ብዙውን ጊዜ አውቀው ነበር፤ የኔታ አንድን ልጅ ከሌሎቹ ለይተው ከአልጋው ጫፍ ተቀምጠው የሚያስተምሩት፣ የዛሬ ሳምንት ምን ደረሰ፣ የሚመጣው ሳምንት ምን ይደርሳል እያሉ በልባቸው የሚይዙት ዕቅድ አሁን ስም፣ ሰንጠረዥና መለኪያ ተሰጥቶት አገኘሁት። የከፍተኛ ትምህርት ጥቅሙ ይህ ይመስለኛል፤ በአንድ ሽማግሌ ልብ የነበረውን ጥበብ ሽማግሌው ሲያልፍ አብሮ እንዳይቀበር አውጥቶ፣ መርምሮና ፈትኖ ለማያውቁት ያወርሳል። የምናነብባቸው መጻሕፍት አብዛኛዎቹ ከባሕር ማዶ የመጡ ስለ ነበሩ፣ ጥቂት ልጆች ብቻ ያሉበትን ክፍል ሁለትና ሦስት ባለሙያዎች ሲረዱት ያሳዩናል፤ እኛ ደግሞ አንድ መምህር ስድሳና ሰባ ልጅ ይዞ የሚያስተምርበትን ክፍል እያሰብን በመካከሉ ያለውን ገደል በክርክር ልንሞላው እንጥር ነበር።

ከክርክሩ ሁሉ የበረታው የ1986 ዓ.ም. ነገር ነበር። በዚያ ዓመት የአገራችን የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወጣ፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ደግሞ የ92 መንግሥታት መልእክተኞች በስፔን አገር በሳላማንካ ከተማ ተሰብስበው፣ ማናቸውም ሕፃን በአካባቢው በሚገኘው ትምህርት ቤት ከእኩዮቹ ጋር ሊማር ይገባዋል የሚለውን መግለጫ አጸደቁ። ከእኛ መካከል በአዳሪ ትምህርት ቤት ያደገ አንድ ዓይነ ስውር ጓደኛችን፣ በስድስት ዓመቱ ከእናቱ ተለይቶ ያለቀሰውን ልቅሶ እያስታወሰ ለመግለጫው ይከራከር ነበር። መስማት የተሳናቸውን ስታስተምር የኖረች እኅታችን ግን በምልክት የሚያናግረው ጓደኛ በሌለበት ክፍል አንድን ልጅ ብቻውን ማስቀመጥ በሰዎች መካከል ባሕታዊ ማድረግ ነው ትል ነበር። ሁለቱም ከልብ ይናገሩ ነበር፤ ሁለቱም እውነት ነበራቸው። እያደር የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ሕንጻው አንድ ይሁን ሁለት ከመባሉ በፊት፣ ልጁ በሚገባበት በር የሚቀበለው የሠለጠነ መምህር አለ ወይ ተብሎ መጠየቅ እንዳለበት ነው።

ለልምምድ ከተላክሁባቸው ክፍሎች መካከል መስማት ለተሳናቸው ሕፃናት የተከፈተው ክፍል ከኅሊናዬ አይጠፋም። በድምፅ ዓለም ለኖርሁት ለእኔ ያ አርምሞ በመጀመሪያው ቀን ከብዶኝ ነበር፤ ዳሩ ግን አርምሞ ያልሁት ለእነርሱ ወሬ፣ ሙግትና ሣቅ የሞላበት ነበር። መምህርቷ ልጆቹን ስትጠራ ወለሉን በእግሯ ትመታለች፤ ንዝረቱ በጫማቸው ገብቶ ፊታቸው ሁሉ በአንድነት ወደ እርሷ ይመለሳል። የጣት ፊደላችንን ያየሁት በዚያ ነው፤ የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን ሲያሳይ፣ እንቅስቃሴው ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ድምፅ ይለያል። የአባቶች ፊደል ከነሰባት እርከኑ በአንዲት የስምንት ዓመት ልጅ መዳፍ ላይ ሲንቀሳቀስ ሳይ፣ ይህ ፊደል ለጆሮና ለዓይን ብቻ እንዳልተሠራ ተረዳሁ።

በዚያው ወራት በአንድ መደበኛ ትምህርት ቤት የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጦ «ደደብ» የሚል ስም የተሰጠው ልጅ አገኘን። ጠባዩ ያስቸገረ፣ ሲጠሩት የማይመልስ፣ ቃል ሲጻፍ ከጎረቤቱ የሚገለብጥ ልጅ ነበር። ከአማካሪዬ ጋር ሆነን በተማርነው ስልት ስንመረምረው አንደኛው ጆሮው በመግል ተደፍኖ፣ ሁለተኛውም ከግማሽ በታች እንደሚሰማ ታወቀ። ወደ ሐኪም ተላከ፤ ወንበሩም ወደ ፊት ተዛውሮ የመምህሩን አፍ ማየት እንዲችል ሆነ። ክረምቱ ሳይገባ ልጁ ማንበብ ጀመረ። እናቱ መጥታ እጄን ስማ፣ «ልጄ አእምሮ አለው ለካ» ስትል የተናገረችው ቃል ከተቀበልሁት የምስክር ወረቀት ሁሉ ይከብድብኛል። በመጨረሻው ወንበር ላይ ሳይመረመሩ የቀሩትን ልጆች ግን ማን ይቆጥራቸዋል?

ከተመረቅን በኋላ የጓደኞቼ መንገድ ተለያየ። አንዳንዱ በኮሌጅ አስተማሪ ሆነ፤ አንዳንዱ በግብረ ሠናይ ድርጅት ሹመት አገኘ፤ ሌላው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቅድ አዘጋጅ ሆነ፤ ባሕር ማዶ ተሻግረው ለሦስተኛ ዲግሪ የቀሩም አሉ። ማናቸውንም አልወቅስም፤ አስተማሪን የሚያስተምር፣ ሕግን የሚያረቅቅ ሰው ያስፈልጋልና። ነገር ግን በአንደኛ ክፍል በር የመጀመሪያውን ነጥብ ለሚዳስሰው ሕፃን ከመካከላችን የተመለሰለት ማን እንደ ሆነ ስጠይቅ ልቤ ያዝናል። ይህም የሰው ፍላጎት ብቻ ያመጣው ነገር አይደለም። በአገራችን ሥርዐት ዲፕሎማ ያለው ወደ አንደኛ ደረጃ፣ ዲግሪ ያለው ወደ ሁለተኛ ደረጃ፣ ማስተርስ ያለው ወደ መሰናዶና ወደ ኮሌጅ ሲመደብ ኖሯል። ለሒሳብና ለፊዚክስ ይህ መሰላል ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ የሚከብደው ትምህርት ከላይ ነውና። በልዩ ፍላጎት ትምህርት ግን የሚከብደው ከሥር ነው። ያልሰማ ልጅ ቋንቋ የሚይዝበት፣ ያላየ ልጅ ጣቱ የሚፈታበት፣ አእምሮው የዘገየ ልጅ ራሱን ችሎ መመገብ የሚማርበት ጊዜ የልጅነት ጊዜ ነው፤ ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ የሚመጣ ሊቅ ቢደክምም የጠፋውን ሁሉ አይመልስም። መምህሩ በተማረ ቁጥር ከልጁ የሚያርቀው መሰላል ለዚህ ሙያ ተገልብጦ የተተከለ መሰላል ነው።

ዛሬ ዘመኑ ብዙ ነገር ለውጦአል። ስልክ ጽሑፍን በድምፅ ያነብባል፤ ያ በዛፍ ጥላ ሥር የነበረው የጓደኛ ድምፅ ወደ ጆሮ ማዳመጫ ገብቶአል። የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት አገራችን በ2002 ዓ.ም. ተቀብላ አጽድቃለች፤ የሥራ ስምሪት መብታቸውንም በአዋጅ ቁጥር 568/2000 ደንግጋለች። በልጅነቷ ዓይኗን ያጣችውና በሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የተማረችው የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ በ2017 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ስትቀበል፣ ደረቱ በኩራት ያልሞላ የዚህ ሙያ መምህር አልነበረም። በእኛ ወጣትነት ስሙ እንኳ የማይታወቀውን ኦቲዝም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከልጃቸው ተምረው፣ በአዲስ አበባ ጆይ የተባለውን ማዕከል መሥርተው እስከ ዕለተ ሞታቸው አገር አስተምረዋል። እኒህን ሳስብ እደሰታለሁ፤ ነገር ግን የትነበርሽ ትምህርት ቤት ደርሳለች፣ ወይዘሮ ዘሚ ደግሞ ራሳቸው ትምህርት ቤት ሆነዋል። ትምህርት ቤቱ ያልደረሰለት የገጠር ልጅ አሁንም በጓዳ አለ፤ የእናቱም ፍርሃት እንደ ድሮው ነው።

የኔታ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኖአል። ዲግሪ አልነበራቸውም፤ ነገር ግን ከልጁ አልጋ ጫፍ አልተነሡም ነበር። እኔ ከእርሳቸው የበለጠ አንብቤ ይሆናል፤ ከእርሳቸው የበለጠ ልጅ ግን አላስተማርሁም፤ የእርሳቸው ትዕግሥትና የዩኒቨርሲቲው ዕውቀት በአንድ ሰው ቢዋሐዱ ምን ይሠሩ እንደ ነበር ሁልጊዜ አስባለሁ። እንዲህ ያለውን መምህር ማፍራት የሚያዳግት ነገር አይደለም። በትምህርት ሚኒስቴርና በየክልሉ የመምህራንን እርከን የምትወስኑ ሆይ፣ በልዩ ፍላጎት ትምህርት ማስተርስ የያዘ ሰው በአንደኛ ክፍል እያስተማረ እስከ መሪ መምህርነት የሚደርስበትን፣ ደመወዙም ከኮሌጅ ጓደኛው የማያንስበትን ሥርዐት ሥሩለት። በዚህ ሙያ ለመማር የምታስቡ ወጣቶችም፣ ለከፍተኛ ዲግሪ ሂዱ፤ አንብቡ፣ መርምሩ፣ ጻፉ፤ ከጨረሳችሁ በኋላ ግን ወደ ሕፃኑ ተመለሱ። የመጀመሪያውን ፊደል ለሚዳስሰው ልጅ ከሁሉ ይልቅ የተማረው መምህር ይገባዋል።